የታገዱት ግመሎች የመከላከያ መልስ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ከሪያድ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኝ በረሃ ላይ ከ40 በላይ ግመሎች ከቁንጅና ውድድር ተባረሩ። ውድድሩ የንጉሥ አብዱልአዚዝ የግመል ፌስቲቫል ነው፤ የሽልማቱ ድምር 66 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዳኞች ጭንቅላትን፣ አንገትን፣ ሻኛንና አቋምን እየመዘኑ ነጥብ በሚሰጡበት በዚህ የተከበረ መድረክ የአንዳንዶቹ ተወዳዳሪዎች መልክ ከእናታቸው የወረሱት አለመሆኑ ተደረሰበት። ጭንቅላታቸውና ከንፈራቸው ቦቶክስ ተወግቷል። ፊታቸው በፊለር ተሞልቷል። ጡንቻቸው በሆርሞን ደልቧል። አንዳንድ የአካል ክፍላቸውም በላስቲክ ታስሮ እንዲያብጥ ተደርጓል። በ2018 ደግሞ 12 ግመሎች በዚሁ በቦቶክስ ጉዳይ ታግደው ስለነበር ነገሩ የአንድ ቀን ድክመት ሳይሆን የሰነበተ ልማድ ነው ተባለ።

ዜናው በተሰማ ጊዜ ዓለም ሳቀ። ከሳቁት መካከል ስንቶቹ ግንባራቸውን ማንቀሳቀስ ይችሉ እንደነበር አልተጣራም።

ለእነዚህ ግመሎች ጥብቅና የቆመ ሰው አላየሁም። እኔ ራሴ የጥብቅና ፈቃድ የለኝም፤ ግመልም የለኝም። ሆኖም ከአፋር እስከ ሶማሌ፣ ከሶማሌ እስከ ቦረና ግመል የሚረባበት አገር ዜጋ ነኝና ዝም ማለት ለኅሊናዬ ከበደው። በተረታችን ውስጥ ግመል ሲሰረቅ እንጂ ሲከሰስ የተናገረለት የለም። «ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሎቹም ይሄዳሉ» የሚለውን እንዳልጠቅስ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ውሾቹ ጮኹ፣ ግመሎቹም ተመለሱ። ስለሆነም በደንበኞቼ ላይ የቀረበውን ክስ በአራት ከፍዬ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

አንደኛ ክስ፦ ውበታቸው የተፈጥሮ አይደለም

ክሱን ሙሉ በሙሉ እናምናለን። የምንከራከረው የተፈጥሮ ውበት የሚባለው ነገር ከግመል ውጭ በማንም ፍጡር ላይ ግዴታ ሆኖ ስላላገኘነው ነው።

በ1597 ጋስፓሬ ታሊያኮዚ የተባለ የቦሎኛ ሐኪም አፍንጫው ለተቆረጠ ሰው ከክንዱ ቆዳ አዲስ አፍንጫ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ቆዳው ከክንዱ ሳይቆረጥ ፊት ላይ ይሰፋል፤ ሁለቱ እስኪዋሐዱም በሽተኛው ክንዱን ከጭንቅላቱ ጋር አስሮ ሳምንታት ይቆያል። ያ የቆሰለ ሰው ሕክምና ነው፤ አከራካሪ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ግን ሞያው ቁስለኛ መጠበቁን ተወ። ብራዚላዊው ኢቮ ፒታንጊ ድሆችም ቆንጆ የመሆን መብት አላቸው በሚል እምነት በሪዮ ከተማ ለምስኪኖች የሚሆን የቀዶ ሕክምና ክፍል አቋቋመ። የኦሎምፒክ ችቦ ይዞ በሪዮ ጎዳና ባለፈ ማግስት፣ በኦገስት 2016፣ እስኪያርፍ ድረስ ይህን አሳቡን አልለወጠም። ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ብንከተለው መብቱ ከድሃ ቀጥሎ ለማን እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ከድሃ በታች ጭነት ተሸካሚ ብቻ ነው ያለው።

ዓለም አቀፉ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 በዓለም ዙሪያ የተሠራውን የማስዋብ ሥራ ቆጥሮ 38 ሚሊዮን ገደማ አግኝቷል። ከዚህ ውስጥ ከ17 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው በቢላ፣ የቀረው በመርፌና በመሳሰለው የተሠራ ነው። ለዓመታት ስብ በቱቦ መምጠጥ ይመራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ሆኖ አንደኛ ወጣ። የዓለም ግመል ሁሉ ቢቆጠር ከዚያ ከ38 ሚሊዮን እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ በምድር ላይ ለምትገኝ ለእያንዳንዷ ግመል በዓመት አንድ ያህል የሰው ማሻሻያ ይደርሳታል ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል በራጅና በአልትራሳውንድ ተመርምረው በአደባባይ የተባረሩት 40ዎቹ ብቻ ናቸው።

ከአገራችንም ምስክር እንጠራለን። በሰሜኑ ክፍል ያሉ እናቶቻችን ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ድዳቸውን በመርፌ እየተወጉ በጥላሸት ሲነቀሱ ማደንዘዣ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ የአንገትና የግንባር ንቅሳታቸውን በሌዘር የሚያስጠፉ አሉ፤ አንዱ ትውልድ ተወግቶ ያስገባውን ሌላው ተቃጥሎ ያስወጣል። አራስ ልትጠይቅ የመጣች አሮጊትም የሕፃኑን አፍንጫ በቅቤ እያሸች ወደ ታች ትስበዋለች፤ ሰልካካ ይሁን ብላ። ሕፃኑ ፈቃዱን አልተጠየቀም፤ ፎርም አልፈረመም፤ ጮኾም የሰማው የለም። ይህ ሁሉ ባህል ተባለ። ያው እጅ አፍንጫ መሳቡን ትቶ የግመል ከንፈር ሲስብ ማጭበርበር ሆነ።

ሁለተኛ ክስ፦ መርዝ ተወግተዋል

ይህም እውነት ነው። ቦቶክስ የሚሠራበት ንጥረ ነገር ሳይንስ ከሚያውቃቸው መርዞች ሁሉ ብርቱው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር የተበላሸ ቋሊማ በልተው የሚሞቱ ሰዎችን ያጠናው ዩስቲኑስ ከርነር ሐኪምም ገጣሚም ነበር። መርዙን በራሱ ላይ ሞከረ፤ ጡንቻን የሚያሰንፍ መሆኑን ተገነዘበ፤ በጥቂቱ ቢሰጥ ለመድኃኒት ሊውል እንደሚችልም ገመተ። ከግጥምና ከቋሊማ ይህን ያህል ሀብት ይወጣል ብሎ ግን የገመተ አይመስለንም።

ግምቱ እውነት ለመሆን ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀበት። በ1980ዎቹ ማብቂያ በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ጂን ካራዘርስ የተባለች የዐይን ሐኪም የዐይን ቆባቸው ያለ ፈቃዳቸው የሚጨመደድባቸውን ሰዎች በዚሁ መርዝ ታክም ነበር። ከመርፌው በኋላ በቅንድብ መካከል ያለው መስመር መጥፋቱ ተስተዋለ። ባሏ አላስቴር የቆዳ ሐኪም ነበር። ባልና ሚስቱ ነገሩን በማዕድ ዙሪያም ይሁን በክሊኒክ ተመካከሩበት፤ የመጀመሪያዋ ፈቃደኛም የራሳቸው እንግዳ ተቀባይ ሆነች። በ2002 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መርዙ የቅንድብ መካከል መስመርን ለማለስለስ እንዲውል ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ሰው በየሦስት አራት ወሩ ፊቱን ለመርፌ ያቀርባል፤ ጊዜው ሲያልፍ ጡንቻው ይነቃል፣ ቁጣውም ሐዘኑም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ውሉም ይታደሳል።

እዚህ ላይ ዳኞች አንድ ነገር እንዲያስተውሉልን እንለምናለን። ሰው ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ምን ለማግኘት ነው? በሰርግም በለቅሶም የማይለወጥ፣ ሰውን ከከፍታ የሚያይ፣ ጥያቄ ቢቀርብለት ቅንድቡን የማያነሣ ገጽ ለማግኘት ነው። ይህ ገጽ ከግመል ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ግመል ማንንም አይታ አትደነቅም፤ ጌታዋን እንኳ የምታየው ገንዘብ እንደተበደራት ሰው አድርጋ ነው። እንግዲህ መርፌው በደንበኞቻችን ላይ ምን ጨመረ? ባለሙያዎቹ ራጅ ማንሣትና በአልትራሳውንድ መፈተሽ ያስፈለጋቸው በዐይን አይተው ስላልለዩት አይደለምን? በዐይን የማይታይ የቁንጅና ወንጀል በየትኛው ሚዛን ተመዘነ?

ሦስተኛ ክስ፦ ፋሽን ተከትለዋል

ይህ በክሱ ላይ በጽሑፍ ባይሰፍርም በሳቁት ሁሉ አፍ ላይ ነበር፦ «ግመል ደግሞ ምን አስፋሸናት!»

መልሳችን ከሂዩስተን፣ ቴክሳስ ይጀምራል። በ1962 አንዲት እናት ደረቷ ላይ ያለውን ንቅሳት ለማስጠፋት ሆስፒታል ሄደች። ክሮኒንና ጄሮ የተባሉት ሐኪሞች በዚያ ሰሞን አዲስ የሲሊኮን ጡት ሠርተው የሚሞክሩበት ሰው ይፈልጉ ነበር። ሐሳቡ የመጣላቸው ጄሮ በፕላስቲክ ከረጢት ያለ ደም በእጁ ጨብጦ ልስላሴው ስላስገረመው ነው ይባላል። ሴትዮዋን ጡት ትፈልጊያለሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት እርሷን የሚያሳስባት የጆሮዎቿ መቆም መሆኑን ነገረቻቸው። ተስማሙ፤ ጆሮውም ይስተካከላል፣ ሲሊኮኑም ይገባል። ከእርሷ በፊት ሲሊኮኑን የተሸከመችው ኤስሜራልዳ የተባለች ውሻ ነበረች። ኤስሜራልዳ ስፌቱን በጥርሷ መንከስ ስለጀመረች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወጣላት። በዚህ ሞያ ታሪክ ሐሳቧን በጊዜ የለወጠች የመጀመሪያዋ ደንበኛ እርሷ ናት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ገበያው የሚጎድለንን ከእኛ ቀድሞ እንደሚያውቅ ነው። ስለ ጆሮዋ ሄዳ ጡት ይዛ የተመለሰች ሴት ካለች፣ ውሃ ልትጠጣ ሄዳ ከንፈር ይዛ የተመለሰች ግመል ለምን ታስቃለች?

ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ዓለምን ካዳረሱት የውበት ቀዶ ሕክምናዎች መካከል በብራዚል ስም የሚጠራው የመቀመጫ ማሳደጊያ አንዱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከሆድ፣ ከወገብና ከጭን ስብ በቱቦ ይመጠጣል፤ ከዚያም ወደ መቀመጫ ይወጋል። አሁን የደንበኞቻችንን ሻኛ እንመልከት። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሻኛ የውሃ በርሜል አይደለም፤ ስብ ነው። በበረሃ ስብ በመላ ሰውነት ቢሠራጭ ሙቀት ያፍናል፤ ስለዚህ ግመል ስቧን ከየአካሏ ሰብስባ በአንድ ቦታ፣ ከፍ አድርጋ፣ ከሩቅ በሚታይበት ቆለለችው። ስብን ከማይፈለግበት አንሥቶ በሚታይበት የመቆለል ጥበብ የግመል ፈጠራ ነው። የሰው ልጅ ይህን ጥበብ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወሰደ፤ ቦታውን ጥቂት ዝቅ አደረገ፤ በአንድ ደቡብ አሜሪካዊ አገር ስም ጠርቶም ሸጠው። በዚህ ጉዳይ ደንበኞቻችን የተከሳሽ ከሳሽነት ክስ የማቅረብ መብታቸው እንደተጠበቀ መሆኑ በመዝገቡ ይስፈርልን።

በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢኖር የአደጋው ነገር ነው። በ2017 የሞያው ሰዎች ራሳቸው ባደረጉት ጥናት ከ3,000 የመቀመጫ ማሳደጊያዎች በአንዱ ሰው ይሞታል ብለው ገመቱ። መርፌው ወደ ጡንቻው ጠልቆ ከገባ ስቡ በዚያ ወዳሉት ትልልቅ ደም ሥሮች ይገባል፤ ከዚያም ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሄዳል። በ2018 የብሪታንያ የውበት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አባላቱ ይህን ሥራ እንዲያቆሙ መከረ። የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ግን ከዚህ የረቀቀ መፍትሔ አገኘች፤ በ2022 አንድ ሐኪም በቀን ከሦስት በላይ እንዳይሠራ ደነገገች። ሦስት ድረስ ሕክምና፣ ከአራተኛው ጀምሮ ችኮላ መሆኑን ሕጉ በጥበብ ለየው። ከዳኑት መካከልም ማንም ወዲያው አይቀመጥም፤ ስቡ እንዳይጎዳ ለሳምንታት መቆም፣ በሆድ መተኛት ወይም ለዚሁ በተሠራ ትራስ ላይ በጭን መደገፍ ይታዘዛል። ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው ገዝተው የማይቀመጡበት መቀመጫ በዓለም ላይ ይህ ብቻ ነው። ግመል ግን ሻኛ አውጥታ ሙሉ ጭነት ትሸከማለች።

እንግዲህ ፋሽን ነውና ተለወጠ። በ2022 ማብቂያ ዓለም ዐይኑን ከመቀመጫ አንሥቶ ጉንጭ ላይ ጣለ። ከጉንጭ ውስጥ ስብ አስወጥቶ አጥንትን ማጉላት ተወዳጅ ሆነ። ፊት በዕድሜ ብዛት ይህን ስብ በራሱ ጊዜ እንደሚያጣው ሐኪሞች ቢያስጠነቅቁም ማን ይጠብቃል? በሃያ አምስት ዓመቱ ከፍሎ ያስወጣው በአርባ አምስት ዓመቱ ከፍሎ በፊለር ያስሞላል። ቀጥሎ የማክሻ መርፌዎቹ መጡ፤ ቅጥነት ወደ ዙፋኑ ተመለሰ፤ ትናንት ሲያስሞሉ የነበሩት ማስቀነስ፣ ከንፈራቸው ላይ ያለውን ፊለርም ማሟሟት ጀመሩ። ይህን እንደ ጅልነት የሚያዩት ኢኮኖሚ የማይገባቸው ናቸው። አንድ ቁራጭ ሥጋ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፣ ሲገባና ሲወጣ። ጉምሩክ እንኳ እንዲህ በእኩል አያስከፍልም።

ወንዶቹንም አንርሳ። ከኢስታንቡል በሚነሡ አውሮፕላኖች ውስጥ ማጅራታቸው ተላጭቶ፣ ግንባራቸው ላይ ጥቁር ማሰሪያ አድርገው፣ አናታቸው በቀይ ነጠብጣብ ተሸፍኖ በትዕግሥት የሚቀመጡ ወንዶች አሉ። ፀጉር ከኋላ ተነቅሎ ፊት ለፊት ተተክሎላቸዋል፤ ከአዲስ አበባም ለዚሁ ጉዳይ የሚበርሩ አይጠፉም። ከፀጉር ያለፈ ሐሳብ ያላቸው ደግሞ ቁመት ያስጨምራሉ። ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የተባለው የሶቪየት ሐኪም በሳይቤሪያዋ ኩርጋን የተሰበሩና ያጠሩ እግሮችን ለማዳን የፈጠረው ዘዴ አጥንትን ቆርጦ በቀን አንድ ሚሊሜትር መሳብ ነበር፤ ያችም ለአራት ተከፍላ። ጤነኛ ሰው ስምንት ሴንቲሜትር ቢፈልግ ሰማንያ ቀን ይሳባል፤ ከዚያ አጥንቱ እስኪጠነክር ወራት ይጠብቃል፤ መራመድም እንደገና ይማራል። ቻይና በ2006 ይህን ለውበት ሲባል ማድረግን ከልክላለች። ግመል ቁመቷንም ፀጉሯንም በነፃ ነው ያገኘችው። በዚህ አልከሰሳችኋትምና እናመሰግናለን።

በሰው ዘንድ ዘንድሮ መቀመጫ፣ ለከርሞ ጉንጭ፣ ቀጥሎ የዐይን ቆብ ሲባል የግመል ዳኞች የሚፈልጉት ረጅም አንገትና የተንጠለጠለ ከንፈር ነው። ይህ መለኪያ ከዓመት ዓመት ሲገለባበጥ አልሰማንም። ፋሽን ተከታይ ማን እንደሆነ ለችሎቱ እንተወዋለን።

አራተኛ ክስ፦ አታልለዋል

«ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» የሚለው ተረት የተነገረው ለግመል ሳይሆን ለሌባው መሆኑን በቅድሚያ እናሳስባለን። ዛሬ በዚህ ተረት የሚሄደው ማን ነው? በአንድ ክረምት አፍንጫዋ የጠበበ፣ ከንፈሯ የወፈረ፣ ዳሌዋ የሰፋ ታዋቂ ሰው ምስጢሯን ስትጠየቅ «ውሃ አበዛለሁ፣ በጊዜ እተኛለሁ» ትላለች። ጠያቂውም በአክብሮት ይመዘግባል። ደንበኞቻችን እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ልብ ይባልልን፤ በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ውሃ የምትጠጣ ፍጡር ከዚህ የተሻለ ማመካኛ የትም አታገኝም ነበር። ልትጠቀምበት አልፈለገችም።

ከዚያ ይልቅ እውነተኛ ችግር ላይ የወደቁትን እናስብ። ደቡብ ኮሪያ ሄደው ፊታቸውን ያሠሩ ቻይናውያን ሴቶች በ2009 ሻንጋይ ሲመለሱ ከፓስፖርታቸው ፎቶ ጋር አልመሳሰል ብለው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እንደቆዩ ተዘግቧል። በኋላም አንዳንድ የኮሪያ ክሊኒኮች «ይህች ሴት ያችው ሴት ናት» የሚል ወረቀት መስጠት ጀመሩ። በቴህራን ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አፍንጫ የተሠራ ሰው ፕላስተሩን እንደ ማዕረግ ምልክት በአደባባይ ይዞ ይሄዳል፤ ምንም ሳይሠራም ፕላስተር ለጥፎ የሚሄድ አለ። አንዱ የተሠራውን ይደብቃል፣ ሌላው ያልተሠራውን ያሳያል። በዚህ መካከል ዝም ብላ የቆመችው ግመል ብቻ አታላይ ተባለች።

ቀዳሚ ፍርድ መጥቀስ ካስፈለገም ከቤይጂንግ እንጠቅሳለን። በ2004 አንዲት ወጣት የውበት ቀዶ ሕክምና ማድረጓ ስለታወቀ ከቁንጅና ውድድር ተባረረች። ከሰሰች፤ ተረታች። በዚያው ዓመት ግን ለተሠሩ ሴቶች ብቻ የሆነ ውድድር ተዘጋጀ፤ መግቢያውም የሐኪም ማስረጃ ነበር። በ2009 ቡዳፔስት ተመሳሳይ ውድድር አካሄደች፤ በዚያም ተፈጥሮ የሰጣትን ብቻ ይዛ የመጣች ቆንጆ በር ላይ ትመለስ ነበር። የሰው ልጅ ጨዋነት እዚህ ላይ ይታያል። ሕጉ የማይስማማው ሲሆን ሕጉን አይጥስም፤ አዲስ ውድድር ይከፍታል።

የቅጣት ማቅለያ

ችሎቱ ይህን ሁሉ ሰምቶ ደንበኞቻችንን ጥፋተኛ ቢላቸው እንኳ ቅጣቱን ለማቅለል ሦስት ምክንያቶች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ስልክ የላቸውም። በ2018 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከፊት 30 ሴንቲሜትር ርቀት የተነሣ ፎቶ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሣው ይልቅ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ በስሌት አረጋገጡ። በዚያው ዓመት የቦስተን ሐኪሞች ሰዎች የታዋቂ ሰው ፎቶ መያዝ ትተው በስልክ የተለሰለሰ የራሳቸውን ፎቶ ይዘው «እኔን አስመስሉኝ» እያሉ እንደሚመጡ ጻፉ። ሰው የሌለውን አፍንጫ ለማስቀነስ፣ ያልነበረውን ራሱን ለመምሰል ይከፍላል። ግመል አፍንጫዋን ያየችው ጉድጓድ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ነው፤ አይታም ጠጣች።

ሁለተኛ፣ ጥቅም አላገኙም። ከ66 ሚሊዮኑ ዶላር ለአሸናፊዋ ግመል የሚደርሳት ድርቆሽ ነው። ብታሸንፍም ድርቆሽ፣ ብትባረርም ድርቆሽ።

ሦስተኛ፣ አልፈቀዱም። ከ40ዎቹ መካከል ሐኪም ፈልጋ፣ ተበድራ፣ ፎርም ፈርማ፣ በማግስቱ ሐኪሙን በአምስት ኮከብ ያመሰገነች አንዲትም የለችም። ፈቅደው የተወጉት ሁሉ ከመድረኩ ውጭ ሆነው ይስቁ ነበር።

የሚጠየቀው ዳኝነት

ስለዚህ ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች፦

ሀ. የታገዱት ግመሎች ከነከንፈራቸው ወደ ውድድሩ እንዲመለሱ፤

ለ. ይህ የማይቻል ከሆነ የተፈጥሮ ውበት ሕጉ ለፍጡር ሁሉ በእኩል እንዲሠራ፣ ምርመራውም ከክብር እንግዶች መቀመጫ እንዲጀመር። ራጁም አልትራሳውንዱም እዚያው ስለሚገኝ ተጨማሪ ወጪ አይኖርም። ከተመልካቹ ስንት ሰው እንደሚቀር ግን ኃላፊነት አንወስድም፤

ሐ. ይህም ካልሆነ በቤይጂንጉ ቀዳሚ ሐሳብ መሠረት ለተሠሩ ግመሎች የተለየ ውድድር እንዲከፈት፣ ለእያንዳንዷም «ይህች ግመል ያችው ግመል ናት» የሚል ማስረጃ እንዲሰጥ፤

መ. በሻኛው ጉዳይ ከብራዚል እስከ ማያሚ የተሰበሰበው ገቢ ተጣርቶ ለግመሎች ድርሻቸው እንዲከፈል፤

ሠ. ወጪና ኪሳራም እንዲተኩልን እንጠይቃለን።

ከላይ የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ። ሕጉ በሪያድ በረሃ የማይሠራ መሆኑን ባውቅም ማመልከቻ ያለ እርሱ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም።

በማመልከቻው ላይ የሚለጠፈውን ጉርድ ፎቶግራፍም አያይዣለሁ። ስልኬን ከፊቴ 30 ሴንቲሜትር ብቻ አርቄ ያነሣሁት ስለሆነ፣ ችሎቱ ከአፍንጫዬ ላይ 30 በመቶ ቀንሶ እንዲመለከተኝ በትሕትና አመለክታለሁ።